ዘምዘም የተሸከመችልኝ ቃል

የእቴ ዘምዘምን ሞት የሰማሁት ውጫሌ፣ ከገበያው ማዶ ቆሜ ባጃጅ ስጠብቅ ነው። የደወለችልኝ ሉባባ ናት፤ አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ባለው ቀበሌ አብራኝ ትሠራ የነበረች የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። «ታምሩ፣ ዘምዘም አረፈች። ዛሬ ረፋድ ላይ ቀበርናት» አለችኝ። ባጃጁ መጥቶ ቆመ። አልገባሁም። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ጡሩንባ ነፋና ትቶኝ ሄደ።

እውነቱን ለመናገር መጀመሪያ የተሰማኝ ሐዘን አልነበረም። እፎይታ ነበር። ያደረግሁትን የምታውቅብኝ አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም ሄደች። ይህ ሐሳብ በልቤ የቆየው ለአፍታ ነው፤ ግን ሲያልፍ አይቼዋለሁ። ከዚያ በራሴ አፍሬ እዚያው መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩና አለቀስኩ።

ዘምዘም ወጌሻ ነበረች። ቤቷ አርዲቦን ቁልቁል ከሚያየው ተረተር ላይ ነው። ከሐይቅ ከተማ የሚመጣ ሰው ባጃጁ እስከሚያደርሰው ድረስ መጥቶ የቀረውን በእግሩ ይወጣዋል፤ እግሩ የተሰበረ ደግሞ በቃሬዛ። ረዥም፣ አጥንቷ የወጣ፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሚሆናት ሴት ነበረች። እጆቿ ግን ከሌላ ሰው የተዋሰቻቸው ይመስሉ ነበር፤ ሰፊና ለስላሳ ናቸው። የቀኝ እጇ ትንሿ ጣት ወደ ውጭ ጠማማ ነበረች። በልጅነቷ ተሰብራ አባቷ ነው ያሰረላት። እሱም ወጌሻ ነበር። ሰዎች ጣቷን ትክ ብለው ሲያዩ ትስቅና፣ አባባ ያኔ ገና እየተማረ ነበር ትላቸዋለች። ሙያውን ለወንዶቹ ልጆቹ ሊያወርስ አስቦ፣ እነሱ ወደ ንግዱ ሲያዘነብሉበት፣ ከጎኑ ተቀምጣ የተማረችው እሷ ናት።

እኔ በዚያ ቀበሌ የጤና መድን መዝጋቢ ነበርኩ። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ መዋጮ ይከፍላል፣ ለቤተሰቡ ካርድ ይወስዳል፣ ሲታመም መጀመሪያ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ጽፈው ወደ ሆስፒታል ይልኩታል፤ ወጪውን መድኑ ይሸፍናል። ያለ ሪፈር በቀጥታ ሆስፒታል የሄደ ግን አይሸፈንለትም። ወጌሻ ዘንድ የሄደም እንደዚያው።

ከዘምዘም ጋር የተዋወቅነው ትከሻዬ የወለቀ ቀን ነው። በክረምት፣ ዝናብ ባደረ ማግስት፣ ለምዝገባ ከቤት ቤት ስዞር ቁልቁለት ላይ አዳለጠኝ። ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ፤ ማስታገሻ ወግተው ወደ ሆስፒታል ሪፈር ጻፉልኝ። መንገዱ ግን ጭቃ ሆኖ አንድም መኪና አይወጣም አይወርድም። እኔ፣ ሰውን ሁሉ ወደ ጤና ጣቢያ ሂዱ የምለው ሰውዬ፣ ካርዴን በኪሴ፣ ሪፈሬን በደህናው እጄ ይዤ፣ በሁለት ገበሬዎች ተደግፌ ወደ ወጌሻ ቤት ወጣሁ። ሕመሙ ባይጠናብኝ ኖሮ እፍረቱ ይጠናብኝ ነበር።

አጠገቤ ተቀመጠችና ደህናውን ትከሻዬን ያዘች።

«ያመመኝ ይሄኛው ነው» አልኳት።

«አየሁት። ደህናው እንዴት እንደተሠራ ሳላውቅ ያመመህን ምን ብዬ ላናግረው?»

በሁለት እጇ ደህናውን ትከሻ ዙሪያውን ዳሰሰችው። ስትዳስስ አታይህም፤ ዓይኗ በበሩ ወጥቶ ሐይቁ ላይ ነው። ከየት እንደሆንኩ ጠየቀችኝ፤ ውጫሌ አልኳት። እናቴ ማን እንደምትባል ጠየቀችኝ፤ አስናቀች አልኳት። ምን እንደምትሠራ ስትጠይቀኝ፣ እናቴ ገበያ ላይ ሽንኩርት ስትሸጥ ከደንበኛ ጋር እንዴት እንደምትጣላ መናገር ጀመርኩ። ነገሩን ሳልጨርስ ክንዴን ወደ ጎን ሳብ አድርጋ አዞረችው። ቀጭ አለና ገባ። ላቤ ፊቴን አጥቦት ነበር። እሷ ግን፣ «እሺ፣ ሴትዮዋስ ምን አለቻት?» ብላ ታሪኩን እንድጨርስላት ጠበቀችኝ።

እንደ አገሩ ወግ አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር። አልተቀበለችኝም። አጥንትህን ነክቼ እንዴት አንቱ ትለኛለህ፣ አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እቴ እያልኩ አንቺ እላታለሁ።

ይበልጥ የገረመኝ ግን ስወጣ ያለችኝ ነው። ክንዴን በሻሽ አንገቴ ላይ ካንጠለጠለችልኝ በኋላ፣ መንገዱ እንደደረቀ ሐይቅ ከተማ ወርጄ ራጅ እንድነሳ አዘዘችኝ። አጥንቱ ተሰንጥቆ እንደሆነ እጄ አይነግረኝም፣ ራጁ ግን ያሳያል፣ አለች። ሄድኩ፤ ደህና ነበር። ፊልሙን ይዤላት ስመጣ ወደ በሩ ብርሃን ዘርግታ ለረዥም ጊዜ አየችው። ፊደል አትለይም፤ ራጅ ግን እያየች እያየች ለምዳዋለች። ለራጁ መድኑ እንደከፈለልኝ፣ ትከሻዬን ላስገባው እጇ ግን ምንም እንደማይከፍል እየሳቅሁ ነገርኳት። አልሳቀችም።

«ለምን?» አለችኝ።

ደንቡ ነው አልኳት።

ከዚያ በኋላ መንገዴ በዚያ ባለፈ ቁጥር እገባ ነበር። ሰው ሲመጣላት አንድ ጥግ ተቀምጬ አያለሁ። ወለምታ፣ ውልቃት፣ ቆዳ ያልቀደደ ስብራት ሲሆን፣ «ይሄ የእጅ ነው» ትልና በቅቤ አሽታ፣ የተሰነጠቀ ሸንበቆ ዙሪያውን ደርድራ ታስረዋለች። ስታስር አላልታ ነው። በየሰዓቱ ጣቶቹን እዩ፣ ከቀዘቀዙ ወይም ከጠቆሩ ፍቱትና ሩጡ፣ ብላ ቤተሰቡን ሦስት ጊዜ ታስደግማቸዋለች። የጀርባ አጥንት፣ የዳሌ፣ ደም የወጣበት ስብራት ሲሆን ደግሞ አንድ ጊዜ አይታ፣ «ይሄ የሆስፒታል ነው» ትላለች። አንድ የሐይቅ ከተማ ነጋዴ ዳሌው ተሰብሮ በመኪና መጥቶ ነበር። ልጆቹ ቢለምኗት፣ ቢያስለምኗት፣ ሽማግሌ ቢልኩባት እጇን አላሳረፈችበትም። እሱ ጋ እጄ አይደርስም፣ እጄን የማይደርስበት ቦታ ልኬ ሰውዬውን ላበላሸው? አለቻቸው። ተቆጥተው ሄዱ። በኋላ ደሴ ብረት ገብቶለት እንደዳነ ሰማን፤ እሷ ግን አንድም ቀን አላነሳችውም።

አሁን ወደማፍርበት ነገር ልምጣ።

በዓመቱ ጥር ላይ የምዝገባ ወቅት መጣ፤ ሕዝቡም እምቢ አለ። እውነት ነበረው። ጤና ጣቢያው ከጦርነቱ ወዲህ በቅጡ አላገገመም። ገበሬው ካርዱን ይዞ ሲሄድ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ ይባላል። በየስብሰባው የሚነሳው ነገር አንድ ዓይነት ነበር፤ ስንሰበር የምንሄደው ዘምዘም ዘንድ፣ ካርዱ የሚሠራው ሌላ ቦታ፣ ታዲያ ምን ያደርግልናል? ከበላይ ደግሞ በየቀኑ ይደወልልኛል፤ የሌላው ቀበሌ ጨረሰ፣ ያንተስ? ቢቸግረኝ ወደ ዘምዘም ሄድኩ። ሕዝቡ አንቺን ይሰማል፣ ጁምዓ ለታ ከሶላት በኋላ ቆመሽ ሁለት ቃል ተናገሪልኝ አልኳት። እሷ በመድኑ ታምንበት ነበር። ሆስፒታል ሂዱ ስትላቸው በምን አቅማችን የሚሏትን ስለምታውቅ፣ ካርዱ ለዚያ ጥሩ ነው ትል ነበር። ግን ከመስማማቷ በፊት ጠየቀችኝ።

«ታምሩ፣ ሰው ፊት ከመቆሜ በፊት አንድ ነገር ንገረኝ። ይሄ ካርድ እኔ ዘንድ ይሠራል?»

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ የማላውቀው ሰው ተነስቶ፣ የባህል ሕክምናም ወደፊት በመድኑ ውስጥ ቢታሰብበት ጥሩ ነው ሲል ሰምቼ ነበር። ያለው ነገር ይኸው ነው። ማንም መልስ እንኳ አልሰጠውም።

«ይሠራል» አልኳት። «ወረቀቱ ተጀምሯል። ዘንድሮውኑ ያልቃል።»

ፊቴን ለረዥም ጊዜ አየችው። ማል አላለችኝም። ብትለኝ ኖሮ ምናልባት እመለስ ነበር፤ ምናልባትም እምል ነበር፤ አላውቅም። «አልሃምዱሊላህ» አለችና ተነስታ የምትለብሰውን መፈለግ ጀመረች።

ጁምዓ ለታ መስጊዱ አጠገብ ካለው ሜዳ ላይ ቆማ የተናገረችው ሁለት ደቂቃ አይሞላም። ካርዱ ሆስፒታል ያስገባችኋል፣ እኔም ዘንድ ይሠራል ብለውኛል፣ ተመዝገቡ አለች። በሦስት ቀን ውስጥ መዝገቤ ሞላ። ሐይቅ ከተማ በተደረገ ስብሰባ ተጠርቼ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ፤ ተጨበጨበልኝ።

ዘምዘም የሰጠኋትን ቃል እንደ ቃል ነበር የያዘችው። ካርድ ያለው ሰው ሲመጣ፣ ማር ይሁን ሳሙና ይሁን ሊሰጣት ያመጣውን አትቀበልም፤ መድን አለህ ትለዋለች። ይህን የነገረችኝ ሉባባ ናት። ወረቀቱ መቼ ነው የሚመጣው ብላ ስትጠይቀኝ፣ ከበላይ እየተጠበቀ ነው አልኳት፤ እሷም አመነችኝ። ዘምዘም ራሷ ግን አንድ ቀንም አልጠየቀችኝም። እኔም መንገዴን በሌላ በኩል ማድረግ ጀመርኩ።

የባሰው ደግሞ ሌላ ነበር። ድሮ «ይሄ የሆስፒታል ነው» ስትል ሰው እያጉረመረመም ቢሆን ይሄድላት ነበር። አሁን፣ ካርዱ እዚህም ይሠራል ብለሽናል፣ ታዲያ ምን አስኬደን ይሏት ጀመር። እሷን የሚያምኗት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄዱ እንድታደርግልኝ ብዬ ያልኳት ነገር፣ ሰዉን እሷ ደጅ ላይ አሰረው።

አያ ሙሄ የሚባል ገበሬ ነበር፤ ቤቱ ከመስጊዱ በታች ነው። በሚያዝያ ባሕር ዛፍ ላይ ወጥቶ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ወደቀ። የቅልጥሙ አጥንት ተሰብሮ ቆዳውን ቀዶ ወጣ። ወንድሞቹ በቃሬዛ ተሸክመው ዘምዘም ዘንድ አመጡት። ሉባባ እዚያ ስለነበረች የሆነውን ሁሉ ነግራኛለች። ዘምዘም ቁስሉን በንጹሕ ጨርቅ ሸፈነችውና ይሄ የኔ አይደለም፣ አሁኑኑ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ሐይቅ፣ ካስፈለገም ደሴ፣ አለች። ሙሄ ሆስፒታል ይቆርጡኛል ብሎ ፈርቷል። ሚስቱ ከድጃ ዘምዘም እግር ላይ ወደቀች፤ አንቺ ዘንድ ይሠራል ብለሽን አይደለም ወይ አለቻት።

«ካርዱ ይሥራ» አለች ዘምዘም፤ «እጄ ግን እዚህ ላይ አይሠራም። ከድጃ፣ ወላሂ ወንድሜ ቢሆን አልነካውም።»

ከዚያ በሉባባ ስልክ ደወለችልኝ። ሐይቅ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ሰዎቹ እንዳይፈሩ መጥተህ አንተ ራስህ ይዘሃቸው ሂድ አለችኝ። ሰዓቱን አየሁ፤ ስብሰባው ምሳ ድረስ ነው። «አብሽሪ፣ ከሰዓት እመጣለሁ» አልኳት።

ከሰዓት ስደርስ ሙሄ የለም። ወደ ጤና ጣቢያው ሲሄዱ አንድ ዘመዳቸው፣ አምባሰል ውስጥ ከውጫሌ ወዲያ ዘምዘም የምትመልሰውን ሁሉ የሚቀበል ወጌሻ አለ ብሏቸው፣ በመኪና ወደዚያ ጭነውት ሄደዋል። ዘምዘም ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር። አልተቆጣችኝም። ተከተላቸው ብቻ አለችኝ። ውጫሌ ድረስ ሄድኩ፤ ከዚያ ወዲያ የገቡበትን የሚነግረኝ አጥቼ ተመለስኩ።

ያ ወጌሻ አጥንቱን ገፍቶ አስገብቶ ቁስሉ ላይ አጥብቆ አሰረው። በሳምንቱ እግሩ ጠቁሮ፣ ሙሄም በትኩሳት ራሱን ስቶ ደሴ ገባ። ከጉልበቱ በታች ቆረጡት። ሪፈር ስላልነበረው መድኑ አይሸፍንም ተባለ። ያኔ ነው እንደ ሰው የሮጥኩት። ጤና ጣቢያ ገባሁ፣ ኃላፊ ለመንኩ፣ ደሴ ተመላለስኩ፤ በመጨረሻ ተፈቀደ። ሙሄ በካርዱ የተጠቀመው እግሩ ለተቆረጠበት ነው።

ከዚያ ከአንድ ወር በኋላ ዘምዘም ቢሮዬ መጣች። እዚያ ስትገባ ያየኋት የመጀመሪያም የመጨረሻም ቀን ነው። ወንበር ሳብኩላት፤ አልተቀመጠችም።

«ካርዱ አንቺ ዘንድ ይሠራል ያልከኝን ወረቀት አሳየኝ።»

ወረቀት እንደሌለ፣ ኖሮም እንደማያውቅ ነገርኳት። ሰው እንዲመዘገብልኝ ብዬ ነው አልኳት። ለነሱም ይጠቅማቸዋል ብዬ ነው ልል ጀምሬ ተውኩት።

የግድግዳውን የምስጋና ወረቀት ታየዋለች፤ ምን እንደሚል አታውቅም፣ እኔም አልነገርኳትም።

«እኔ ፊደል አላውቅም» አለች በመጨረሻ። «ፊትህን አይቼ ነበር ያመንኩህ።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ለሰዉ ማን ይንገረው? አንተ ወይስ እኔ?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

አልነገርኳቸውም። የመጀመሪያው ጁምዓ ዝናብ ነበር። ሁለተኛው ላይ ስብሰባ አለብኝ አልኩ። በሦስተኛው ዘምዘም ራሷ ቆመች። ካርዱ ሆስፒታል እንጂ እኔ ዘንድ አይሠራም፣ ያላጣራሁትን ተናግሬያችኋለሁ፣ አፉ በሉኝ አለቻቸው። በወሎ አፉ በለኝ ማለት ይቅር በለኝ ማለት ነው፤ ሰው ሲሰናበትም ሲጣላም የሚለው ቃል ነው፤ ያን ቀን ግን አፉ ያሏት አልበዙም። አንዳንዱ ሐሰተኛ አላት። ከመዝጋቢው ስንት ተቀበልሽ ያላትም ነበር። ከድጃ ከዚያ ወዲያ መንገድ ላይ ስታገኛት ሰላምታዋን አትመልስም ነበር። ስሜን ግን ዘምዘም አልጠራችም። ይህን ሉባባ ስትነግረኝ አንገቴን ደፍቼ ሰማሁ። በወሩ ማመልከቻ አስገብቼ ወደ ውጫሌ ተዛወርኩ። ለእናቴ መቅረብ ፈልጌ ነው አልኩ፤ ሁሉም አመነኝ።

ሁለት ዓመት አልተገናኘንም። በመሐሉ የምሰማው ወሬ ሁሉ ያስጨንቀኝ ነበር። ራጅ ሳይነሳ የመጣን ሰው አትነካም አሉኝ። ስለዚህ ብዙ ሰው ትቷት ወደ ሌሎች ወጌሾች ሄደ አሉኝ፤ ጣት እዩ፣ ከቀዘቀዘ ፍቱ ወደማይሉት ማለት ነው። ሌሊት ከእንቅልፌ ስነቃ ያንን አስብ ነበር። አንዲት ጠንቃቃ ሴት ከሰዉ እምነት ስትወጣ ስንት ሰው ከእጇ እንደቀረ ማን ይቆጥረዋል?

የሞተች ዕለት ሳይሆን በማግስቱ ነው ለቅሶ የደረስኩት። ሉባባ መጀመሪያ መቃብሯን አሳየችኝ፤ ከመስጊዱ በላይ ዳገቱ ላይ ነው፣ አፈሩ ገና እርጥብ ነበር። የሞተችው በደም ግፊት ነው፤ ሐይቅ ሆስፒታል በካርዷ ገብታ አራት ቀን ተኝታለች። በየዓመቱ ለማሳደስ ከቀበሌው የምትቀድም እሷ ነበረች አለችኝ ሉባባ። ከዚያ ወደ ድንኳኑ ወረድን። ስገባ ከሁሉ አስቀድሞ ያየሁት አያ ሙሄን ነው፤ ክራንቹን ከጎኑ አጋድሞ ለቅሶ የሚደርሰውን ሰው ያስተናግዳል፤ ና እዚህ ተቀመጥ፣ ውሃ አምጡለት ይላል። እኔንም ከጎኑ አስቀመጠኝ።

እግሩ ከተቆረጠ በኋላ የሆነውን የነገረኝ እሱ ነው። ከደሴ ከተመለሰ ጀምሮ ዘምዘም በየሐሙሱ ትመጣ ነበር። ከድጃ በር ላይ ትታት ትወጣለች። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እሷ ምንም ሳትል ከተቆረጠው እግሩ የቀረውን እብጠቱ እስኪቀንስ ታሸዋለች፣ ትሄዳለች። «በስንተኛው ሳምንት እንደሆነ አላስታውስም» አለኝ፤ «ፊቴን መለስኩላት። ክራንቹ ብብቴን ሲልጠኝ ጨርቅ ጠቅልላ ሰፋችልኝ። መቆም ያስተማረችኝ እሷ ናት።»

«አንድ ቀን ጠየቅኋት» አለ ሙሄ። «ካርዱ አንቺ ዘንድ ይሠራል ያለሽ ማነው አልኳት። ማንም አላለኝም፣ እኔው ተመኝቼ ነው አለችኝ። እንዲህ ብላኝ ሞተች።»

ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይወጣል፣ ይገባል። ከሩቅ ቁርኣን ሲቀራ ይሰማል። ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም።

«አያ ሙሄ» አልኩት፣ «ያልኳት እኔ ነኝ። እንደማይሠራ እያወቅሁ ነው ያልኳት።»

አልዞረም። ክራንቹን አንስቶ ወደ ሌላው ጎኑ አዛወረው።

«ዛሬ ለማን ነው የመጣኸው?»

«ለሷ።»

«እንግዲያ ለሷ አልቅስ። ለኔ ሌላ ቀን ትመጣለህ።»

በሳምንቱ ሐሙስ ሙሄ ቤት ሄድኩ። ከድጃ በርጩማ አውጥታልኝ ወደ ውስጥ ገባች፤ ባሏ ገና አልነገራትም ነበር። ከትከሻዬ ጀምሬ እስከ ማመልከቻዬ ድረስ ሁሉንም ተናገርኩ። አንድም ጊዜ አላቋረጠኝም። ስጨርስ አፉ በለኝ አልኩት።

«እሱን አላህ ያውቃል» አለ። «ግን እግሬን ያሳጣኸኝ አንተ ብቻ ነህ ብልህ ዋሸሁ። ዘምዘም ሂድ ስትለኝ አልሄድኩም። ያሰረኝም ሰው አለ። የነሱን ለነሱ ተውና የራስህን ድርሻ ውሰድ።»

«ምን ላድርግ?»

«እሷ በቆመችበት ቁም።»

በማግስቱ ጁምዓ ነበር። ከሶላት በኋላ ሰዉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ ሴቶቹ በአንድ ወገን። ቆሜ ነገርኳቸው። ዘምዘም እንዳልዋሸች፣ ጠይቃኝ እንደነበር፣ የዋሸሁት እኔ እንደሆንኩ፣ ልንገራቸው ብዬ ቃል ገብቼ ለሷ ትቼላት እንደሄድኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ቀጭን ነበር። ከዚያ አንድ ሽማግሌ፣ ታዲያ ስንሰበር ወዴት እንሂድ ብለው ጠየቁኝ። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ በሪፈር ሆስፒታል፤ ለወጌሻ እጅ ግን ካርዱ እስከ ዛሬ አይሠራም አልኳቸው። ዘምዘምም ይህንኑ ነበር ያለችን አሉ ለራሳቸው ያህል፣ ወደ መሬት እያዩ።

ከኋላ አንድ ጎልማሳ ተነሳ።

«እኛ እሷን ሐሰተኛ ስንላት አንተ የት ነበርክ?»

«ውጫሌ» አልኩት።

ከሴቶቹ መሐል ከድጃ ተነሳች። ሻሿን አጥብቃ አሰረችና በተቀመጠው ሰው መካከል ወደኔ መጣች። የምትለውን ለመስማት ራሴን አዘጋጀሁ። አጠገቤ ስትደርስ አላየችኝም፤ አልፋኝ ሄደች። ከመስጊዱ ጀርባ ዞራ ወደ ዘምዘም መቃብር የሚያወጣውን መንገድ ያዘች። ሙሄ አንድ ጊዜ ስሟን ጠራት። አልዞረችም። እሱም ክራንቹን አስተካክሎ ተነሳና ዳገቱን ቀስ እያለ ተከተላት።